ቆመው የሚለብሱበት ድንኳን፦ በሰሜን ሸዋ ከፍታና ቆላ የተፈተነ የቤተሰብ ድንኳን

በመኪና ተጉዞ በድንኳን ለማደር ያሰበ ቤተሰብ ወደ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ድንኳናችንን የገዛሁት ይህንኑ ብቻ ጠይቄ ነበር። ዛሬ ግን ድንኳን ለመግዛት ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ በቅድሚያ የምጠይቀው ከቤተሰቡ መካከል በዕድሜ የገፋ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ያ ሰው ተንበርክኮ መግባትና መውጣት መቻሉን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የማነሣው ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ንፋስ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ድንኳናችንን፣ ማለትም ረጅሙንና ሰፊውን፣ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአንኮበርና በሸዋ ሮቢት ካደርንበት በኋላ ያገኘሁትን መልካምና ጉድለት የሚገልጽ ነው።

የፊተኛው ድንኳናችን ጉልላት ቅርጽ የነበረውና ከፍታው 130 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ ነበር። ለጠበል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ስንሄድ እናቴን ይዘን በዚያ ድንኳን አደርን። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሩን ዳዴ ብለው ማለፍ ግድ ሆነባቸው፤ የነጠላቸው ጥለት ጭቃ ነካው፣ ቀሚሳቸው ከዚፑ ጋር ተያያዘ። ሌሊቱን ለጸሎት ሲነሡ መቆም ስላልቻሉ በዚያ ብርድ ከድንኳኑ ወጥተው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እስኪነጋ ጸለዩ። ጠዋት «ልጄ፣ ጎንበስ ብሎ መተኛት ምንም አይደል፤ ጎንበስ ብሎ ዳዊት መድገም ግን አልሆነልኝም» አሉኝ። እናቴ ቅሬታቸውን የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ይህን ያህል ከተናገሩ ሌሊቱ ምን ያህል ከብዷቸው እንደነበር ስለገባኝ ወደ ቤት እንደተመለስን ሌላ ድንኳን መፈለግ ጀመርኩ።

አሁን የያዝነው ድንኳን ወለሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ የመካከል ከፍታው 195 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ ግድግዳዎቹ እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ናቸው። አራቱ ማዕዘኖች በብረት ቱቦ ይቆማሉ፤ ጣሪያው በፋይበርግላስ ዘንግ ይወጠራል። ከውጭ በኩል እስከ መሬት የሚደርስ የዝናብ ሸራ አለው። ከነማቀፊያ ከረጢቱ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከረጢቱም 120 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ተመሳሳይ ስፌት በተለያየ ስም ሲሸጥ ስላየሁ፣ ገዢ በስሙ ሳይሆን በልኩና በአሠራሩ ቢፈልገው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቁመት ሲነገር አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ከፍታ የድንኳኑ አናት፣ ማለትም የአንዲት ነጥብ ከፍታ ነው። ለምሳሌ ኮልማን የተባለው አምራች የሚሠራቸውን ሁለት ባለ ስድስት ሰው ድንኳኖች፣ ሰንዶም የሚባለውን ጉልላትና ኢንስታንት ካቢን የሚባለውን ባለ ቀጥ ግድግዳ፣ ብንመለከት፣ የሁለቱም የመካከል ከፍታ 6 ጫማ ወይም 183 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ወለል 10 ጫማ በ10 ጫማ፣ የሁለተኛው ደግሞ 10 በ9 ስለሆነ በወረቀት ላይ ጉልላቱ እንዲያውም ሰፊ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ የጉልላቱ ጎኖች ከአናቱ ጀምረው ወደ ውጭ እየተጋደሙ ስለሚወርዱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መካከል ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ባለ ቀጥ ግድግዳው ግን ከዳር እስከ ዳር ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ሜትር ይዞ ሄዶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ የሚታይ ከሆነ፣ ከግድግዳው በ50 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ቢለካ እውነተኛውን ቁመት ያገኛል። የእኛው በዚያ ቦታ 170 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ እናቴ ፍራሻቸው አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን የሚያጣፉትም በዚህ ምክንያት ነው። የበሩንም ከፍታ መለካት አይዘንጋ። ከውስጥ ረጅም ሆነው በራቸው እስከ ወገብ ብቻ የሚደርስ ድንኳኖች አሉ፤ በሩ አጭር ከሆነ የጣሪያው ቁመት ለሽማግሌና ለአሮጊት ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። ከበሩ ግርጌ ያለው የሸራ ጉበን ከፍ ያለ ከሆነም እግር ይጠልፋል።

የሰው ቁጥሩም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ለአንድ ሰው 60 ሳንቲሜትር ያህል ወርድ ሰጥተው፣ ተኚዎቹን ትከሻ ለትከሻ አጋጥመው፣ ያለ ሻንጣና ያለ ጫማ ነው። እኛ አምስት ነን። እያንዳንዳቸው 120 ሳንቲሜትር ወርድ ያላቸውን ሁለት ፍራሾች ጎን ለጎን ስናነጥፍ ከ3 ሜትሩ ወርድ 60 ሳንቲሜትር ይተርፋል። በአንዱ ፍራሽ ባለቤቴና ትንሹ ልጃችን፣ በሌላው እናቴና ልጄ ይተኛሉ፤ በቀረው ላይ እኔ ስስ ስፖንጅ አንጥፌ እተኛለሁ። ፍራሾቹ 190 ሳንቲሜትር ስለሚረዝሙ በእግርጌ በኩል 110 ሳንቲሜትር ይቀራል፤ ሻንጣ፣ የውኃ ጀሪካንና ጫማ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ «ስድስት ሰው» የተባለ ድንኳን ለአምስት ሰው ቤተሰብ በቃ ተብሎ የሚገዛ እንጂ የሚተርፍ አይደለም። ለስድስት ሰው የሚፈልግ ሰው ባለ ስምንቱን ቢመለከት ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የንፋስ ጉዳይ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከሁሉም ነገር በላይ ድንኳንን የሚፈትነው ንፋስ መሆኑን በጓሳ ባደርንበት ሌሊት ተረድቻለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን አድረን፣ በማግስቱ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚታጠፈው መንገድ ወደ ጓሳ ወጣን። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ነዋሪው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ መጀመሪያ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት፣ ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚታጨደው ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ ከድንኳን ወለል ሥር ለምንጣፍ ሣር ልናጭድ እንደማይገባን ልጆቼን አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር። ወለሉን ከእርጥበት ለመጠበቅ ከቤት ወፍራም ሸራ ይዘን ሄድን።

ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲግጡ ስለሚታዩ ድንኳኑን ወደ አፋፉ ጠጋ አድርጌ ለመትከል ጀምሬ ነበር። አንድ የአካባቢው ጠባቂ መጥቶ «ጋሼ፣ እዚህ አይትከሉት፤ ማታ ንፋሱ ከገደሉ ሥር ነው የሚነሣው» አለኝ። በምክሩ ወደ ታች ወርደን ጉብታን ተከልለን ተከልን፤ በሩንም ከንፋሱ መምጫ አዞርነው። እንዲያም ሆኖ ሌሊቱ ቀላል አልነበረም። የንፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጉልላት ንፋሱን በጀርባው ያሳልፈዋል፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ግን እንደተዘረጋ በርኖስ ይሰበስበዋል። ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ከጣሪያው የፋይበርግላስ ዘንጎች አንዱ ከመጋጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ። ከዕቃው ጋር የመጣች አጭር የብረት ቱቦ ስለነበረች ስንጥቁን በእርሷ ሸፍኜ በፕላስተር አጥብቄ አሰርኩት፤ እስኪነጋም ያዘ። ይህ የድንኳኑ ትልቁ ጉድለት ነው። እግሮቹን ከብረት ሠርቶ፣ ከፍተኛው ጫና የሚያርፍበትን ጣሪያ በቀጭን ፋይበርግላስ መወጠር ለሜዳ እንጂ ለደጋ አፋፍ የታሰበ አሠራር አይደለም። ፋይበርግላስ ሲሰበር ወደ ረጃጅም ሹል ስንጣሪ ስለሚለወጥ ሸራውን ይቀድዳል፣ እጅንም ይወጋል። አሉሚኒየም ይጎብጣል እንጂ በአብዛኛው እንዲህ አይሰነጠቅም፤ ብረት ደግሞ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሸክሙን የሚሸከመው መኪና ስለሆነ ክብደቱ ለእኛ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አብረውት የመጡት ካስማዎች የእርሳስ ውፍረት እንኳ የሌላቸው ሽቦዎች ናቸው። በጓሳ ለስላሳ አፈር ውስጥ በአንድ እጅ ይነቀላሉ። ከዚያ ጉዞ በፊት ይህን በደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ስሞክረው ስላየሁ፣ በአንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ባለ 10 ፌሮ በ35 ሳንቲሜትር አስቆርጬ፣ ጫፉን አስሹዬ፣ አናቱን እንደ ዱላ እጀታ አስጎብጬ ነበር። ያ ሌሊት ዘንግ ተሰንጥቆ ካስማ ያልተነቀለው በዚህ ምክንያት ነው። አውታሮቹም ቁጥራቸው ወሳኝ ነው። ረጅም ድንኳን በአራቱ ማዕዘን ብቻ የሚታሰር ከሆነ አይገዛ። በእያንዳንዱ ግድግዳ አጋማሽ ላይ፣ ከወገብ ከፍታ በላይ፣ አውታር የሚገባበት የተጠናከረ ቀለበት ሊኖረው ይገባል። የእኛው አሥር አለው፤ አውታሮቹን በ45 ዲግሪ ያህል ዘርግተን፣ መኪናውን ንፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ አቁመን ጋረድነው። ሞተሩን ግን ድንኳን አጠገብ ማሞቅ አይገባም፤ ጭሱ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ብርዱ ከረጅም ድንኳን ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አይደለም። ጣሪያው በረዘመ መጠን የሰው ትንፋሽና የሰውነት ሙቀት የሚያሞቀው አየር ይበዛል፤ ሞቃቱ አየርም ወደ አናት ይወጣል። በዝቅተኛው ድንኳናችን አምስት ሰው ሲተኛ ሌሊቱ ለብ ይል ነበር፤ በዚህኛው ውስጥ ግን ከውጭው ብዙም የተለየ አይሆንም። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ እንደሚወርድ የታወቀ ስለሆነ፣ ረጅም ድንኳን የሚገዛ ሰው የሙቀቱን ነገር በድንኳኑ ላይ ሳይሆን በመኝታው ላይ መጨረስ አለበት። እኛ ከፍራሹ ሥር ወፍራም ስፖንጅ እናነጥፋለን፤ ከላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ለእናቴ ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና እንጨምራለን። ከምድር የሚመጣው ብርድ ከላይ ከሚመጣው ስለሚብስ የሥሩ ንጣፍ ከድርቡ ይቀድማል።

በዚህ አጋጣሚ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። «ድንኳኑ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ረጅም ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው» የሚሉ ምክንያቶች አንዳቸውም አያድኑም። ቡናው በረንዳው ላይ ሳይሆን ፈቀቅ ተብሎ ሜዳ ላይ ይፈላ፤ ፍሙም ከመተኛት በፊት ውኃ ተደፍቶበት ይጥፋ።

መስኮቶቹን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ሌላም ጉዳት አለው። የአምስት ሰው ትንፋሽ ከቀዝቃዛው ሸራ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆናል፤ ጠዋት ልጆቹ «ድንኳኑ ያፈስሳል» ያሉኝ ይህንን ነው። ከአናቱ ያሉትን ሁለቱን የመረብ መተንፈሻዎች በቀጣዩ ሌሊት ከፍተን ስናድር እርጥበቱ እጅግ ቀነሰ። ድንኳን የሚመርጥ ሰው ዝናብ እየዘነበም ሊከፈት የሚችል መተንፈሻ መኖሩን ይመልከት።

እውነተኛው ዝናብ የገጠመን በአንኮበር ነበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ጉሙ መንገዱን እስኪሸፍነው ድረስ ወጥቶ በነበረበት በመስከረም መጀመሪያ ደረስን፤ ሌሊቱንም ሳያባራ ዘነበ። የድንኳን ሸራ ውኃ የመቋቋም አቅም የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሸራው ሳያስገባ ሊሸከመው የሚችለውን የውኃ ዓምድ ቁመት ያመለክታል። ለጣሪያ 1,500 እንደ መነሻ ይወሰዳል፤ ጉልበትና ክርን የሚጫነው ወለል ግን ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል። የእኛው ለጣሪያው 2,000፣ ለወለሉ 3,000 ተጽፎበታል፤ ሸራው ቃሉን ጠብቋል። ያሳፈረን ስፌቱ ነው። በአንዱ ማዕዘን ላይ የስፌቱ ቀዳዳ በፕላስቲክ ጥብጣብ ሳይሸፈን ስለቀረ ጠብታው የልጄን ትራስ አረጠበው። ከተመለስን በኋላ ለድንኳን ስፌት የሚሆን ማሸጊያ ቀብተን ዘጋነው፤ ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም። ማንኛውም ሰው ድንኳን ሲገዛ ከውስጥ ሆኖ ወደ ብርሃን እያየ ስፌቱን አንድ በአንድ ቢመረምር፣ ከዚያም በቤቱ ግቢ ተክሎ በጎማ ውኃ ቢያርከፈክፍበት የእኛን ዓይነት ሌሊት አያይም። የዝናብ ሸራው እስከ መሬት የሚወርድ መሆኑ ደግሞ በእጅጉ ጠቅሞናል። ብዙዎቹ ረጃጅም ድንኳኖች አናታቸውን ብቻ የሚሸፍን ባርኔጣ መሰል ሸራ ነው ያላቸው፤ ይህ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ዝናብ ይበቃል፤ የአንኮበር ዝናብ ግን በጎን ነው የሚመጣው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲቀንስ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ ከጓሳ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ12 ዲግሪ የማያንስ ልዩነት ያገኛል። በደጋ የወቀስኩት ረጅም ጣሪያ እዚህ ተመሰገነ። የዝናብ ሸራውን አንሥተን፣ አራቱን የመረብ መስኮቶች ከፍተን ስንተኛ ንፋሱ ከዳር እስከ ዳር አለፈ። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ መረቡ ድቅቅ ያለ መሆኑንና ዚፑ ሳይላቀቅ እስከ ጥግ መዘጋቱን ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል። የዚህኛው ዚፕ በአንድ ጥግ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ስለሚተው እኛ ጨርቅ እንወትፍበታለን።

ለመትከል መጀመሪያ ጊዜ 50 ደቂቃ ፈጀብን፤ አሁን ሁለት ሰው በ25 ደቂቃ ይጨርሳል። ንፋስ ካለ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ከረጢቱ በመኪናችን የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባው አግድም ተጋድሞ ነው። አነስተኛ አውቶሞቢል ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት 120 ሳንቲሜትር የሆነ እንጨት ይዞ ቢሞክር ከኋላ ጸጸት ይድናል። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጉትን ድንኳኖችም አይተናል፤ መሰላል ስለሚያስወጡና በእነዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለቶች ላይ የመኪናውን ክብደት ወደ አናቱ ስለሚወስዱ ለእኛ ቤተሰብ አልመረጥናቸውም።

በእኔ ግምት ይህ ዓይነት ድንኳን አረጋውያንንና ሕፃናትን ይዞ በመኪና ለሚጓዝ፣ በአንድ ቦታም ሁለትና ሦስት ሌሊት ለሚያድር ቤተሰብ ተገቢ ነው። በየሌሊቱ ቦታ ለሚለዋውጥ፣ ወይም በክረምት ወደ አፋፍ ለሚወጣ ወጣት ግን ዝቅ ያለው ጉልላት ይሻለዋል። ወደ የትኛውም አቅጣጫ ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታ ከዚያው ካሉ ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጓሳም በማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦና ተገቢውን ከፍሎ በተፈቀደው ስፍራ መትከል ግዴታ ነው። ድንኳኑን ለቀናት ፀሐይ ላይ ተክሎ መተው ደግሞ ሸራውን ያሳሳዋል፤ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የደጋ ፀሐይ ቀዝቃዛ ብትመስልም ፖሊስተርን ቶሎ ትጎዳለች።

የተሰነጠቀውን ዘንግ በአሉሚኒየም ቱቦ ቀይሬዋለሁ፤ የቀሩትንም ሦስቱን ከጥር በፊት ለመቀየር ልካቸውን ሰጥቻለሁ። በጥር እናቴን ይዘን ወደ ጻድቃኔ ማርያም እንመለሳለን። ዳዊታቸውን የሚያስቀምጡበት ኪስ ከፍራሻቸው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቆመው እጃቸው በሚደርስበት ቁመት፣ ባለቤቴ ሰፍታላቸዋለች።